በእርሳስ የተጻፈ ዋጋ

አዳማ፣ ከፍራንኮ ዝቅ ብሎ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ማራገቢያ የማይመልሰው ሙቀት በቆርቆሮው ሲገባ፣
ስድስት ሆነን ተቀምጠን ስታቢላይዘር እንሠራለን፤
ያበደ መብራት የሚያረጋጋ፣ "ፀበል" እያልን እንቀልዳለን።
ወርዶፋ መዳብ ይጠመጥማል፣ ዙሩን በከንፈሩ እየቆጠረ፤
ሌንሳ ቦርዱን ትበይዳለች፣ ዓይኗ በጭሱ እንዳቀረረ።
እኔ ጥግ ላይ፣ ከካርቶኑ ክምር አጠገብ፣
ላጲስና እርሳስ ይዤ የሁሉን ዋጋ ስመዘግብ።

በእርሳስ ነው የምጽፈው። በብዕር መጻፍ ትቻለሁ፤
አንዴ በብዕር ጽፌ የሆነውን አይቻለሁ።

ቀረጥ የሚባለው ነገር ሩቅ ይመስለኝ ነበር፣
ባለ ክራባት የሚያወጣው፣ በዜና የሚነገር፤
ለካስ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነሥቶ፣
በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከካርቶኑ በላይ ተኝቶ፣
ሳይከፍል ተሳፍሮ ይመጣል፤
ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ከላጲሴ አጠገብ ይቀመጣል።

ጣት የማታክል ካፓሲተር፣ ባሕር አቋርጣ መጥታ፣
ጅቡቲ ከርማ፣ ሞጆ ሰንብታ፣
ከኔ የበለጠ አገር አይታ!
"ይኼ መለዋወጫ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ዕቃ?"
አለ አሉ ፈታሹ፣ ካርቶኑን ከፍቶ አይቶ ሲያበቃ።
ወርዶፋ "መለዋወጫ" አለ፤ መዝገቡ ግን "ዕቃ" አለው፤
ከቃል እስከ ቃል መሐል የስድስት ሰው ደሞዝ የሚውጥ ገደል አለው።

ከአንዱ አገር ቢብስ ከሌላው ብሎ፣ ወርዶፋ ስልክ ደወለ፤
ርካሹ ዘገየ፣ ፈጣኑ ተወደደ፣
መካከለኛው ሲመጣ፣ እግሩ በቦርዳችን ቀዳዳ አልገባ አለ።
ይኼ ሁሉ ሲሆን፣ ተሠርቶ ያለቀው ሣጥን በላስቲክ ተሸክፎ፣
ከኛ ከተበተነው ብሎን ረክሶ፣ ገበያ ገባ በራችንን አልፎ።
"በጉ ከነነፍሱ፣ ከቆዳው ረክሶ የት ታየ?"
ይላል ወርዶፋ፣ የባዕዱን ሣጥን እያገላበጠ እያየ።

ማክሰኞ ሽታዬ መጣች፣ ጁስ ቤት ያላት፣ ከገንደ ጋራ፤
አምና ሄዶ የመጣ መብራት ፍሪጇን አንድዶባት የከረመች በኪሣራ።
ዋጋ ጠየቀች፤ ነገርኳት፤ ቁጥሩን በልቧ ይዛ ወጣች፤
እቁብ ደርሷት፣ ብሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ዓርብ ማታ መጣች።

ሐሙስ ግን መኪናው ገብቶ ነበር።
ሐሙስ እኔ ላጲስ አንሥቼ ነበር።

ወረቀቱን አነሣች፤ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለችው።
ላጲስ አጥፍቶ አይጨርስም፤ የድሮው ቁጥር ከሥር ያሳብቃል፤
እንደ ዘይት ጠብታ ነው፤ ልብሱ ታጥቦም ቦታው ያስታውቃል።
ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ፣
"እኔ" አለች፣ "የምከፍለው ይቺን ነው፤ ከሥር ያለችዋን ዋጋ።"

ዝም አልን።
"ዙሩን ብንቀንሰውስ?" አለ ኦብሳ፣ ገና ወሩ ነው ከገባ፣
"ሃያ ዙር ቢጎድል ማን ያያል? ማን ከፍቶ ሆዱ ሊገባ?"
ሌንሳ፣ ከቦርዷ ቀና ሳትል፦
"ፍሪጇ ያያል።"

ወርዶፋ ቆየ። ያኔ በብዕር የጻፍኩትን "ቃሌ ነው" ብሎ፣
ሃያ ሣጥን በኪሣራ ሸጦ፣ ሞተሩን በዕዳ ጥሎ፣
ይኸው እስከ ዛሬ በእግሩ ይመጣል፣ ጫማው አቧራ መስሎ።

በመጨረሻ ካቻቢቴ አነሣ፤ ሣጥኗን ከፊቷ ፈታት፤
ጠቋሚዋን፣ ባለ ቀይ መርፌዋን፣ እንደ ጥርስ ነቅሎ አወጣት።
"ከሁሉ ቀረጥ የበዛባት እሷ ናት። ያለሷም ይሠራል፤
ቁጥሩን አታዪም እንጂ፣ ፍሪጅሽ በሰላም ያድራል።"

ሽታዬ በቀዳዳው አየች፤ ውስጡ ጨለማ፣ መዳቡ ቀይ፤
"ዓይኗን አውጥታችሁ ሸጣችሁልኝ" አለች፣ መሳቋም ማዘኗም ሳይለይ።

በባጃጅ ጭና ሄደች።
አዲስ ወረቀት ዘረጋሁ። ዓይን የሌላት ሣጥን ዋጋዋ ስንት ይባላል?
የአዳማ ነፋስ በሩን ገፍቶ የላጲሴን ፍርፋሪ አበረረ፤
ሰኞ ሌላ መኪና አለ።
እርሳሴን ቀረጽኩት፤ አጠረ።