የመጥረጊያው እንጨት

ሆልዮክ ላይ፣ በቦዩ ዳር፣ ከተዘጋው የወረቀት ፋብሪካ ማዶ፣
አራቱ ምድር ቤት ወረዱ፣ በጥር፣ ጣታቸው በርዶ።
የመጀመሪያው አልበም በሁለት ሌሊት ማለቅ አለበት፤
መቅረጫው የውሰት ነው፣ ቅዳሜ ይመለሳል ለባለቤት።
ሦስት ኮርድ ብቻ፤ ፓንክ ነውና አራተኛው ቅንጦት ነው።

ፊንባር ጉንፋን በዘጋው ጉሮሮ
ቅድመ አያቱ ስለቆፈሩት ቦይ ይጮኻል፤
እንደ ውዳሴ አይደለም፣
ደጅ ቆሞ እንደሚጠየቅ፣ እንደ ተበላ ደመወዝ ነው።
ኑዋላ ከበሮው ላይ ስትወርድ የቧንቧው ዝገት ይረግፋል፤
የኮርማክ የቆርቆሮ ዋሽንት በጩኸቱ ስንጥቅ ሾልኮ ያልፋል።
አየርላንድን ከመካከላቸው ያየ የለም፤
ሳይወለዱ እንደሞተች አክስት ናት፣
በሰው ወሬ የሚናፍቋት።

አራተኛው ዘፈን ላይ
ዷ! ዷ! ዷ! አለ ጣራው።
ወይዘሮ ዴሊያ ናቸው ከላይ፣ የመጥረጊያ እንጨት ነው መዶሻው።
«ዝም በሉ! ሰው ተኝቷል!»
ማን ያቁም? ቴፑ ይሮጣል፣ ለድጋሚ ሳንቲም የለም።

ጠዋት ሲያደምጡት ተያዩ፤
እንጨቱ ከኑዋላ ምት ጋር ገጥሟል፣
አሮጊቷ አንዴም አልሳቱም።

የወረቀት ከተማ ናት፤ ለሽፋኑ ግን ወረቀት ጠፋ፣
የፒዛ ካርቶን ቆረጡ።
ሦስት መቶ ሸክላ ታተመ፤ አርባው ሄደ፣ የቀረው አልጋ ሥር ገባ።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሲላላ፣ በሩ ተንኳኳ፤
ያው ምት ነው፣ አሁን ግን በጣት።
ወይዘሮ ዴሊያ፣ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣
አምስት ዶላር በአራት አጥፈው፦
«ስንተኛው ላይ ነው ያለሁት?»