አጥንቱስ?

አምስት ሆነን ገባን በመስከረም ጭቃ፣
ፍራሽ ተሸክመን፣ አንድ የጋራ ዕቃ፤
(ዕቃው ቡታጋዝ ነው፣ አንድ እግሩ የላላ፣
ድስት በጣድን ቁጥር ወደ ጎን የሚያደላ።)
"ሁለት ዓመት" ብለን ፈርመን የመጣን፣
ከሥልጠናው ወንበር ትናንት የተነሣን።

ከታቦር ጀርባ ነው ትምህርት ቤታችን፣
ቆርቆሮ ከላይ፣ ቆርቆሮ ከጎናችን፤
ዝናብ የጣለ ቀን መምህሩ ዝናብ ነው፣
የኛ አፍ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን የእርሱ ነው።

በጥር ማለቂያ ላይ ሄደብን ይትባረክ፣
በጠዋቱ አውቶብስ፣ ሳይጮህ፣ ሳይነታረክ።
ብርድ ልብሱን አጥፎ ፍራሹ ላይ ትቶ፣
የኪራይ ድርሻውን ከሥሩ ሸጉጦ።
አልተቀየምነውም። ወይም ተቀይመን
ስሙን ሳናነሣ ስንት ማታ በላን።

ቀጥሎ ምንታምር በታይፎይድ ወደቀች፣
አራተኛ "ለ" ክፍል ያለ መምህር ቀረች።
ሦስት ሆንን፦ ዘኪያ፣ ዳንጊሶ፣ እኔ፣
ከእኔም ውስጥ ግማሹ አልነበረም የእኔ፤
ከትራሴ ሥር ነው የስንብት ደብዳቤ፣
ቀን ብቻ የጎደለው፣ ያለቀ በልቤ።

እሑድ፣ ትኋን ሊለቅ፣ ፍራሽ ስናወጣ
ወረቀቱ ወድቆ ዳንጊሶ እግር ሥር መጣ።
ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ አነበበው መሰል፣
መልሶ ሰጠኝ፣ አንድም ቃል ሳይል።
ፍራሹን በዱላ መታ፣ መታ፣ መታና
"ነገ" አለ፣ "ሁለቱን ክፍል እንደርባቸዋ!
አንድ ሰው አይችልም። ሦስታችን እንግባ።"
ያ ነው ያለኝ ሁሉ። ሌላ አልተናገረም።
እኔም አልጠየቅኩም።

ሰኞ ዝናብ መጣ፣ የመጋቢት ዝናብ፣
ሰማንያ ሦስት ልጅ፣ ርጥብ ሹራብ፣ ላብ፤
አንድ ጠመኔ ነው የቀረው ከፓኮው፣
ዘኪያ ተቀብላ ለሦስት ሰበረችው።
ሲሶ ለእርሷ፣ ሲሶ ለእርሱ፣ ሲሶ ለእኔ፣
ቆርቆሮው ሲጮህ እኛ በጠመኔ።

የዕለቱ ትምህርት ክፍልፋይ ነበረ።
ዘኪያ ዓሣ ሣለች፣ ሆዱ የተነፋ፤
ዳንጊሶ መዳፉን ቢላ አስመስሎ
ከአፉ እስከ ጭራው ሰነጠቀው በአየር፤
እኔም ከሥር ጻፍኩኝ፦ ግማሽ ሲደመር ግማሽ
እኩል ይሆናል አንድ።
ልጆቹ ገለበጡ። ገባቸው መሰለን።

ከኋላው ወንበር ላይ ሻላሞ ተነሣ፣
ጎህ ሳይቀድ አሞራ ገደል ዓሣ
ሲበልት ቆይቶ ሮጦ የሚመጣው፣
በእጁ ሽታ ሰበብ ጎረቤት የሌለው።
ወደ ሰሌዳው መጣ። ሲሶዬን ወሰደ።
የዳንጊሶን መስመር በክርኑ አጠፋና
ሁለት መስመር ሣለ፦ ከላይ ጎን፣ ከታች ጎን፣
በመሐሉ ቀጭን፣ እንደ መሰላል ያለ ነገር።

ዝናቡ ድንገት ረገብ አለ፣ እንደሚያዳምጥ።
"ቆሮሶ ሁለት አይሆንም፣ ቲቸር። አጥንቱስ?"
ዘኪያ ሣቀች። "አጥንቱማ ይጣላል፣ ለአባ ኮዳ!"
"አይጣልም" አለ፣ ቆጣ እንደማለት ብሎ፤
"ሥጋውን ሆቴሎች ይወስዱታል።
ሾርባው ግን ከአጥንቱ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት በጥቁር ፌስታል
ሦስት አከርካሪና ሁለት ራስ አመጣ።
በዚያ በሚያዘም ቡታጋዝ ላይ ጣድነው፣
ዳንጊሶ ድስቱን ይዞ፣ እኔ ሽንኩርት ከትፌ፣
ዘኪያ በርበሬውን እየከለከለችን፦
"ለበሽተኛ ነው፣ ለእናንተ አይደለም!"
ምንታምር ግማሽ ሳህን ጠጣች። ተኛች።
ማታ ነቅታ "ክፍሌን ማን ያዘው?" አለች።

ደብዳቤውን አልቀደድኩትም። ወረቀት አጥሮን
በጀርባው የሰማንያ ሦስቱን ስም ጽፈንበታል፣
ከሻላሞ ስም አጠገብ፣ በዳንጊሶ እጅ፦
"አጠገቡ ትዕግሥት ተቀምጣለች፤ ራሷ ጠይቃ።"

ይትባረክ ይደውላል፣ አንዳንድ ማታ፣ አርፍዶ።
ስለ ሥራው አያወራም፤ እኛም አንጠይቅም።
"እዛ ይዘንባል?" ይላል።
"ይዘንባል" እለዋለሁ፣ ስልኩን ወደ ጣሪያው አንሥቼ፤
ካርዱ እስኪያልቅበት ድረስ ያዳምጣል።