ዲቃላዋ

ሐኪሙ የሰጠኝ ብጣሽ ማዘዣ መስሎኝ፣
ፋርማሲ ይዤው ሄድኩ፤ ልጅቷ አንብባ ሳቀችብኝ።
"እትዬ፣ ይሄ እኛ ጋ የለም። የሚለው እኮ፦ 'በሳምንት አራት ቀን
ጉልበት የማይጎዳ እንቅስቃሴ፣ ላብ እስኪያጠምቅሽ' ነው እንጂ ኪኒን
አይልም።"

"ሳይክልስ?" አለችኝ፣ እንዲሁ፣ ለጨዋታ፤
እኔ ግን ይዤው ወጣሁ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ሰላምታ።

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መዝገብ ቤት ዶሴ ስቆልል
ወገቤ ከወንበሩ ጋር ተሰፍቷል።
ትርሲት ስትሰማ ሻይዋ ትን አላት፤
"ምን ዓይነት ልትገዢ?" አለች። ዓይነት እንዳለው ማን ነግሮኝ፣ ምን ልበላት?

ቅዳሜ ጎማ ቁጠባ፣ ሙዘሚል ደጃፍ ቆምኩ፤
ከጣሪያ ተሰቅለው እንደ ሥጋ ቤት ብልት፣ ሳይክሎቹን ቆጠርኩ።

መጀመሪያ ያወረደልኝ ሮዟን ነው፣ ባለ ቅርጫቷን፣ ባለ ቃጭሏን፤
"ለሴት" አለኝ። "ሽንኩርትም ትችላለች።" እኔ ደግሞ ሽንኩርቱን
ሳይሆን ራሴን ልሸከም ነው የመጣሁት።
ሳቀ። ሮዟን መልሶ ሰቀላት።

ኮርሳ አወጣ። ጎማዋ አውራ ጣት ታክላለች፣
መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ቁልቁል ተጠቅልላለች።
ስወጣባት አገጬ ጉልበቴን ሊስም ትንሽ ቀረው።
"ይህቺ ለሚቸኩል ናት፤ አንቺን የሚያስቸኩልሽ ምንድን ነው?"

የተራራዋን ደግሞ ሞከርኩ፤ ጎማዋ ጥርሳም፣ ወፍራም፣
አስፋልት ላይ ስታጉረመርም ደሞዝ የዘገየበት ዘበኛ ትመስላለች፤ ጉድጓድ ግን አትፈራም።
"እኔስ መች ፈራሁ?" አልኩት። "የቸርችልን ዳገት ግን
ይህን ሁሉ ብረት ይዤ ስወጣ፣ እሷ እኔን ናት የምትነዳው ወይስ እኔ እሷን?"

ሙዘሚል ዝም አለ። የጉልበቴን ጠባሳ ያየው መሰለኝ፣
"ወድቀሽ ታውቂያለሽ" አለኝ።

ሰንጋተራ ነው። የኪራይ ሳይክል፣ ሩብ ሰዓት ስሙኒ ነበር፤
"ሴት ልጅ አትወጣበትም" ይላሉ፣ ለምን እንደሆነ ማንም ደፍሮ ሳይናገር።
የስኳር መግዣዬን ሰጠሁ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስተኛው ላይ መሬት።
የአከራዩ ሚስት ከደጇ ሆና፦ "ዲቃላ! አባት የሌላት!"
ጉልበቴ በሳምንቱ ሻረ።
ቃሉ ግን ቅርፊት አልያዘም።

"እንግዲያው አንዲት አለችኝ" ብሎ ጓዳ ዘለቀ፤
ግራጫዋን እየገፋ ወጣ፣ በእጅጌው ሲጠርጋት ቀለሟ ደመቀ።

"ስሟ?"
"ዲቃላ ነው የምንላት። ከኮርሳ ቅጥነቷን፣
ከተራራዋ ቀና ያለ መሪዋን፣ ዳገት የሚያውቅ ካምቢዮዋን
ወስዳለች። ወገብ አታጎብጥም። ለላብ ከዚህች የተሻለ የለኝም።"
ቃሉ ከአፉ ሲወጣ አልከበደውም፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም፤
"አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ" እንደሚል፣ እንዲሁ፣
እንደ ዕቃ ስም። ያን ቃል ሲመሰገን የዚያን ቀን ሰማሁ።

ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። ትርሲት እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።
ኮርቻዋን ከዳሌዬ ለክቶ አስተካከለልኝ፤
"እግርሽ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ትንሽ ይታጠፍ እንጂ አይቆለፍ" አለኝ።

አሁን እሑድ ንጋት፣ ታክሲው ሳይነቃ፣ ከለገሃር እነሣለሁ፤
ብሔራዊን አልፌ፣ ፖስታ ቤትን አልፌ፣ ካምቢዮ እቀንሳለሁ።
እውነቱን ልናገር፦ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ነው አቅሜ፣
ከዚያ እስከ ማዘጋጃ እገፋታለሁ፤ ሁለቴ እቆማለሁ ደግሞ፣ ደክሜ።

ባለፈው አንድ ጥበቃ፣ ከነካፖርቱ፣ እያዛጋ፣
"እሜቴ፣ ይቺ ሳይክል ምን ዓይነት ናት?" አለኝ ጠጋ።
ልመልስ ስል ትንፋሼ ቃሉን መሃል ላይ ገመሰው፤
"ዲ—" አልኩ። አየር እስኪገባኝ ጠበቅሁ፤ እሱም ጠበቀኝ፣ ደግ ሰው።
ቀሪውን ጮክ ብዬ ጨረስኩት፤
ከማዶ ሊስትሮው ቀና አለ። እኔም ፔዳሉን ረገጥኩት።