ፍሬ የሌለው ፍሬ

በየሚያዝያው፣ በረዶው ከጣራ ጠብ ጠብ ሲል፣
ሚስቴ ዘይኑራ ታነጥሳለች፤
ሰባቴ፣ ስምንቴ፣ ዐይኗ ደም እስኪመስል፣
ከዚያ «ያው ዛፍህ ነው» ትላለች።

ዛፌ ወንድ ነው። አባቴ የተከለው
ከግንቡ ጥግ፣ ከቦዩ በላይ፤
አርባ ዓመት አንዲት ፍሬ ሳያሳይ
የድመት ጭራ የመሰለ አበባ አንጠልጥሎ የሚኖር፣
ፀሐይ ሲሞቀው ደግሞ
እንደ ተጠመደ ወጥመድ ድንገት እየተፈናጠረ
ዱቄቱን የሚዘራ።
ሲሄድ ዐይን አይዘውም፤ የማየው ሲደርስ ነው፣
በሻይዬ ላይ፣
በሚስቴ አፍንጫ ላይ።

ከግንቡ ወዲያ የሳቦሃት ዛፍ አለች።
ሴት ናት። ቱት እንላታለን በሩሻን ሸለቆ፣
ቅጠሏን የሐር ትል የሚቆረጥማት
ነጭ የዛፍ እንጆሪ።
ሰኔ ላይ ጣራ ለጣራ ትሰጣለች፣
ደርቃ ትፈጫለች።
በዚያ ክፉ ዓመት መንገዱን ናዳ ሲዘጋው፣
መኪና ሲቀር፣ ስንዴ ሲያልቅ፣
የላስነው እሷን ነው።
ወንዱ ለነፋስ፣ ሴቷ ለወፍጮ፣
ሁለቱም ዱቄት ሰጪ፤
ግን አንዱ ያስነጥሳል፣ አንዱ ነፍስ ያቆያል።
ይህን ብዬ ነው መጋቢት ላይ መጋዙን የሞረድኩት።

ሲወድቅ ግንቡ ራሱ ደነገጠ።
ሳቦሃት እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤
አልጮኸችም፣
መጮኹስ ይሻል ነበር።
«ዛፌን መበለት አደረግሃት» አለች፣
ገባች።

ሚያዝያ ገባ። ዘይኑራ ሁለቴ ብቻ አነጠሰች።
«ከየት መጣ ደግሞ?» አለች።
«አቧራ ነው» አልኳት።
ሌሊት ሌሊት ግን ሒሳብ ያዝኩ፤
የሳቦሃት ልጆች አምስት፣
ባሏ ሩሲያ፣ የሰው ፎቅ እየገነባ፤
ዛፏ ከመከነች
የሚጎድለው የማን ቤት ዱቄት ነው?

ሰኔ ላይ አንድ ጧት
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብጠብጠብ ሲል ሰማሁ፤
ዝናብ መስሎኝ ወጣሁ።
ልጆቿ አንሶላ በአራት ማዕዘን ወጥረዋል፣
ትልቁ፣ ቂማትሾ፣ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ያራግፋል።
አንሶላው ነጭ፣ የሚወርደውም ነጭ፤
መበለት የተባለችው ዛፍ
ማንንም ሳትጠይቅ አፍርታ።

ሳቦሃት ግንቡ ላይ አንድ ሳህን አኖረች።
ለአንተ አላለች፣ ለዘይኑራ አላለች፣
ሳህኑን ብቻ።
በላሁ። ማር ነው።
ግን ልስልስ ያለ፣ ፍሬ የሌለው ፍሬ፤
ያ በጥርስ መሃል እንደ አሸዋ የሚንቀጫቀጨው የለበትም።
ሽማግሌው ሙሚን ነገሩኝ፦
«ሴት ቱት ባል ብታጣም ታፈራለች፤
የሚቀርባት ዘሩ ነው፣
ጣዕሙ የራሷ ነው።»
እፎይ ማለት ነበረብኝ።
አላልኩም።
አርባ ዓመት ከአባቴ ዛፍ ጋር የኖረ ጥርሴ
ሥራ ፈትቶ ዋለ።

ከሳህኑ ግርጌ፣ ሠላሳኛዋ ትሁን አርባኛዋ እንጃ፣
ቀጭ
አለች።
በምላሴ ገፍቼ መዳፌ ላይ ጣልኳት። ዘር ናት፤
የሰናፍጭ ቅንጣት ታህላለች።
የማን ናት? በመንደራችን
ሌላ ወንድ ቱት የለም፣ የነበረውን ያነደድኩት እኔ ነኝ።

ቀና አልኩ።
ከፓንጅ ወንዝ ማዶ፣ በአፍጋኒስታን በኩል፣
ከገደሉ ሥር ጭስ የሚወጣው አንድ ቤት፣
ከቤቱ ጎን አንድ ዛፍ።
የተከለውን ሰው ስሙን አላውቅም፣ እሱም የእኔን።
ድልድዩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤
ወዲህም ወታደር፣ ወዲያም ወታደር፤
ወንዙ ሲሞላ ጩኸት እንኳ አያሻግርም።
ለካ ያቺ ሁለቴ ያነጠሰቻት
ከዚያ የመጣ እንግዳ ኖሯል፣
እኔ አቧራ ነው ብዬ
ስሙን ያጠፋሁት።

ዘሯን በቆርቆሮ ጣሳ ቀበርኳት።
ዘይኑራ ከበሩ ቆማ አየችኝ፤
«ወንድ ይሁን ሴት መቼ ይታወቃል?»
«ዓመታት ይፈጃል።»
«ወንድ ከሆነስ?»
አፈሩን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግሁ፤
«መሐረብ እገዛልሻለሁ።»

የሳቦሃት ሳህን አሁንም እኔ ዘንድ ነው።
ባዶውን አይመለስም፤
ምን እንደምጨምርበት
እያሰብኩ ነው።