የሚያዝያ ደረሰኝ

በርሚንግሃም ችሎት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ የማይከፈት፣ ዝናብ ብቻ የሚያሳይ፤
ዳኛዋ የላክሁበትን ደረሰኝ ታገላብጣለች፣
«ጥር አለ፣ የካቲት አለ፣ መጋቢት አለ» ትላለች።
«ሚያዝያስ፣ ሚስተር ፉርታዶ?
ያን ወር አባትህ ምን በላ፣ የማንን እጅ ለምዶ?»

ሚያዝያን አውቀዋለሁ። አውቶቡሴ የተገጨበት፣
ቁርጭምጭሚቴ በጀሶ ታስሮ ደሞዜ የቆመበት፤
ጎዋ ደውዬ፣ «አባዬ፣ ዘንድሮ...» ብዬ ሳልጨርስ፣
«ተው ልጄ፣ ሞልቶኛል» ያለኝ፣ ሳሉን በመዳፉ ሲመልስ።

ደግሞም ጻፈልኝ፣ በእጁ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«ሩዙ አለ፣ ዓሣው አለ፣ የጎደለኝ የለም።»

ያን ደብዳቤ ነው ዛሬ የመንግሥት ጠበቃ የያዘው፣
«ራሱ መስክሯል» ብሎ በፕላስቲክ የጠቀለለው።
ማስረጃ ቁጥር አስራ አራት።
የአባቴ ኩራት።

እኔ ልጁ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሜ፣ እጄን መጽሐፍ ላይ ጭኜ፣
አባቴን ውሸታም ልበል፣ የገዛ ምስክሩ ሆኜ?
ያን ወር የጀልባውን ሞተር ሽጦ፣
የደም ግፊት ክኒኑን ለሁለት ቆርጦ፣
በፊሎሜና ጓሮ የሩዝ ውሃ ይጠጣ ነበር፣
ሰው እንዳያየው ተቀምጦ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ፊሎሜና ናት፣ ከቀብሯ በፊት፣
ደረሰኝ የላትም፣ ማኅተም የላት፣ ፊርማ የላት።

«ዋሽቶ ነው» አልኩ።
የዳኛዋ ጣት ቃሏን ለቀም አደረጋት።

ማታ ይደውላል አባቴ።
«ዳኛዋን ምን አልካት?
እንዳላፍር አድርገህ ነው አይደል የነገርካት?»