ሰባት ስርጉድ

ቱሊዮ፣ ዛሬ መጣሁ ከወለልህ ሥር፤
መሰላል ዘርግቼ፣ ባልዲ ተሸክሜ፣ ከኮርኒሱ ጋር ልማከር።
ሶፋውን በላስቲክ ሸፈንሁት፣ ቴሌቪዥኑን በአንሶላ፣
ወለሉን በጋዜጣ፤ የሟቾች ገጽ ነው፣ በስም የተሞላ።

ቦራ መስኮቱን ይነቀንቃል፣ ከካርሶ የሚወርድ ባለጌ ንፋስ፣
ሽማግሌን ገመድ አስይዞ የሚያዳክር እስከ ባሕሩ ድረስ።
ግን ደረቅ ንፋስ ነው፤ ለእሱስ ዛሬ ምስጋና አለኝ፤
“ሳይደርቅ የቀባ ሻጋታን ቀለበ” ይል ነበር ቀለም ያስተማረኝ።

እድፉ እዚህ ነው፤ ከመብራቱ ወዲህ፣ ሻይ እንደ ፈሰሰበት ጨርቅ፣
ጠርዙ የጠቆረ፣ ሆዱ የገረጣ፣ በሦስት ክረምት የማይለቅ።
ዙሪያውን ደግሞ ሰባት ስርጉድ አለ፣
ክብ ክብ፣ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ልክ የተተከለ።

ሰባቱም የእኔ ናቸው።

ኢንሹራንስ ከፍሎኝ ነበር፤ ገንዘቡ ከመሳቢያ አልወጣ፣
እስከ እሑድ ድረስ፤ ፌዶራ፣ የልጄ ልጅ፣ ልታድር እኔ ዘንድ መጥታ፣
ሶፋው ላይ ተንጋልላ፣ በጣቷ ቆጥራ፣ ለአፍታ ዝም ብላ ቆይታ፣
“አያቴ፣ ማነው የተኮሰው?” እስክትለኝ።

ያን ሌሊት ጠብታ ግንባሬን መትቶኝ፣ ከዚሁ ሶፋ ነቃሁ፤
ኮርኒሱ ያለቅሳል። በጨለማ ዳብሼ መጥረጊያ አነሣሁ።
“ቱሊዮ! ቧንቧህን ዝጋ! አንተ ደንቆሮ! አንተ በሬ!”
እንጨቱን ወደ ላይ፣ ዷ! ጀሶው ዓይኔ ውስጥ፣ ዷ! በቁጣ ታውሬ።
ሰባት ጊዜ። የቆጠርሁት ያኔ አይደለም፤ ኋላ ነው፣ ጧት፣
ኔሪና ከእህቷ ቤት ተመልሳ፣ በሩን ከፍታ፣
ያንን ድምፅ ካወጣች በኋላ።

ገንዳው ሞልቶ ነበር። አንተም ወለሉ ላይ፣ ጉንጭህ ከሸክላው ጋር።
ሐኪሙ “ወዲያው ነው” አለ፤ “ሳይወድቅ በፊት ሞቶ ነበር።”
እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም፤ ሠላሳ ዓመት በትራም ደወል የደወልሁ፤
የሚያንኳኳ ሰው፣ ወዲያ ማዶ የሚሰማ ይኑር አይኑር፣ በምን አውቃለሁ?

የመጨረሻ የሰማኸው ቃል “በሬ” ይሆን?

እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ ማጠብ፤ ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና፤
ሻጋታው ላይ በረኪና፣ መስኮት ከፍቶ፤ ያለዚያ ሳንባ ይቃጠላልና።
ስፖንጁን ጨምቆ ነው፤ ያልጨመቀ እስከ ብብቱ ይታጠባል።
(ታጠብሁ።) ከዚያ መጠበቅ። ከዚያ መፋቅ። የላላው ሁሉ ይረግፋል፤
ፍቄ ሳበቃ፣ ከራሴ ሽበት ጀሶው ይበልጣል።

ለእድፉ ልዩ ቀለም አለ፤ የሚከረፋ፣ ሻጩ “ማኅተም” የሚለው፤
ያለ እሱ አሥር ጊዜ ብትቀባ፣ እድፍ ነጩን ሰርስሮ ብቅ ነው።

ስርጉዶቹን በስቱኮ ሞላሁ፣ በስፓቱላ አስተካክዬ፤
“አለቀ” ብዬ ወርጄ፣ ሾርባዬን ጠጥቼ፣ ጥቂት አሸልቤ፣ ቀና ብዬ
ባይ፣ ሰባቱም አሉ።

ስቱኮ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ባንድ ጊዜ አይሞላም፤
ስስ አድርጎ፣ አድርቆ፣ ደግሞ፣ አድርቆ፣ ደግሞ፤ ሌላ ዘዴ የለውም።
ሁለተኛ ቀን። ሦስተኛ ቀን። አንገቴ እንደ አሮጌ መዘውር ሲጥ ይላል።
በአራተኛው በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤ አቧራው እንደ ዱቄት ይበናል።
መዳፌን አሳለፍሁበት፤ ዓይን ይሸወዳል፣ መዳፍ ግን አይዋሽም፤
ስድስቱ፣ በስማቸው ብትጠራቸው እንኳ፣ አይገኙም።

ሰባተኛው ላይ ነበርሁ፤ ጠንከር አድርጌ፣ ሲር፣ ሲር፣ ሲር፣

ከላይ፦ ዷ! ዷ! ዷ!

የኔሪና ተረከዝ፣ ያ የእንጨት ጫማዋ። ከዚያም ድምፅዋ በመስኮት ዞሮ፦
“ኦዲሎ! ስምንት ሰዓት ነው! ሰው በቀትር ይተኛል! አታፍርም? አንተ በሬ!”

“እሰማለሁ!” አልሁ፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ፣ ጀሶ በቅንድቤ፣
እንደ ሞኝ እየሣቅሁ። “እሰማሻለሁ!”
ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብዬ፣ ቦራ እንዳይወስደው።

ቀለሙ ነገ ነው።