የአምስት መቶ ሰዓት ዋጋ

ጥቅምት ገብቷል፤ ውርጩ መሬቱን ሳይቀድመን፣
ቀኑንም ሌሊቱንም በፈረቃ ከፍለን፣
ነጩን ቀይ ሥር ልንነቅል (ስኳር የሚሆነውን)፣
በቀዩ ወንዝ ዳርቻ መኪና አሰልፈን።

ልጄ ሲግኔ ግን ከፈረቃዋ ወጥታ፣
ጭቃ የጠጣ ጫማዋን በር ላይ ትታ፣
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ፣
"አባዬ፣ እስቲ ደምር" አለች፣ መነጽሬን ሰጥታ።

የኮሌጁ ስም አለ፣ በወርቅ ቀለም ታትሞ፤
አንድ ወጣት አለ፣ ከክንፍ ሥር ቆሞ፤
ፈገግታውን ሳየው፣ ይቅር ይበለኝና፣
ትራክተር የሸጠልኝ ሰው መጣብኝ እንደገና።

"የትምህርቱ ይኸው፤ የማደሪያው ይኸው፤
የበረራው ሰዓት ግን ሂሳቡ ለብቻው ነው፤
ሞተሩ ሲነሣ ቆጣሪው ይነሣል፣
በየስድስት ደቂቃው አንድ አሥረኛ ይበላል።"
"እንደ ታክሲ?" አልኳት። "እንደ ታክሲ" አለች፤
"ሾፌሯም ከፋይዋም እኔው ነኝ" ብላ ሳቀች።

ደመርኩ። እንደገና ደመርኩ። እርሳሱን ቀረጽኩ።
መቶ አርባ ሺህ ዶላር። አንዷን ዜሮ በአውራ ጣቴ ሸፈንኩ፤
አሥራ አራት ሺህ ሲሆን ጥቂት ተነፈስኩ።
ጣቴን አነሣሁ።
መልሼ ሸፈንኩ።

እህቴ ቶርዲስ ታውቃለች፤ በርራ አይታዋለች፤
ሁለቴ ተቀጥራ ሁለቴ ተሰናብታለች፤
ዛሬ ፋርጎ ተቀምጣ፣
በረዶ ለሚመታው ሰብል ኢንሹራንስ ትሸጣለች።

ስልኩን ከመሃላችን አጋድመን ሰማናት፦
"ሲግኔ፣ የዲግሪውን ነገር ልንገርሽ በእውነት።
አየር መንገድ ሊወስድሽ፣ ወንበር ሊሰጥሽ፣
ሺህ አምስት መቶ ሰዓት መብረር አለብሽ፤
ዲግሪው ካለሽ ግን ሺው ይበቃሻል።
አምስት መቶ ሰዓት፤ እሱን ነው የገዛሽው፣
የቀረው ጌጥ ነው፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቅዪው።"

"ለአምስት መቶ ሰዓት ይህ ሁሉ?" አልኩ እኔ።

"አንተ ዝም በል ወንድሜ፤ አልገባህም ጎኔ።
ሲቀጥሩ በሰልፍ ነው፣ ሲያባርሩም በሰልፍ፤
ኋላ የገባ ነው ቀድሞ የሚረግፍ።
እኔን ያስወጡኝ ለት ከፊቴ የነበረው፣
በአሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚቀድመኝ ሰው፤
እሱ እስከ ዛሬ ድረስ ሰማይ ላይ ነው።"

ደሞዙንም ጠየቅናት። "መጀመሪያ አስተማሪ ነሽ፤
ሥር ከሚቆልል ሠራተኛ ያነሰ ነው ክፍያሽ።
ኋላ ላይ ጥሩ ነው፤ ዋሽቼ አልከለክልሽም፤
ዓይንሽ እስካልፈዘዘ፣ ልብሽ ምት እስካልዘለለ፣
ሐኪሙ አንዲት ፊርማ እስካልነፈገሽ ድረስ።"
ቀጥላ ዝም አለች።
ከዚያ፣ ቀስ ብላ፦ "ማለዳ ላይ ግን... ተዪው" አለች።

ብድር በምድር ይላሉ፤ እውነት ነው፣ አይቻለሁ፤
ሰማይ ላይ የተበላው ምድር ላይ ነው ክፍያው።
እኔስ ብሆን ግን፣ ለመንቀያው ማሽን
ሁለት መቶ ሺህ ስፈርም አምና በመስከረም፣
ማን ነው መነጽር ሰጥቶ "ደምር" ያለኝ? ማንም።
ዝናብ ሲበዛ ሥሩ ይበሰብሳል፣
ዝናብ ሲጠፋ ባንኩ ይደውላል፣
እኔ ግን "እርሻ ነው" እላለሁ፤ ቁማር አይባልም።

እኩለ ሌሊት ሆነ፤ ፈረቃዋ ደረሰ።
ጫማዋን አጠለቀች፤ ጭቃው አልደረቀም።
ወረቀቱን ትታልኝ ወጣች። ከጥጉ ላይ
በደቃቅ ጽሑፍ ያሰላችው ቁጥር አየሁ፦
በመቆለያው ደሞዝ፣ ስንት ሌሊት ብትቆም
ስንት ሰዓት እንደምትበር። ከሥሩ ደግሞ መስመር፤
ከመስመሩ በታች ምንም።

ለመጫን ስወጣ፣ ከጎተራው በላይ
አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ዞረች፣ ቀይ መብራቷ ሲታይ።
ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ የተማሪዎቹን ድምፅ፤
እንደ ትንኝ ነበር፣ ከጆሮዬ የማይገባ።
ዛሬ ሰዓቴን አየሁ። ቆምኩ። ስድስት ደቂቃ።
አንድ አሥረኛ።
ተመልሳ መጣች። ሌላ አንድ አሥረኛ።

የማን ልጅ ትሆን? አልኩ።
በየትኛው ወጥ ቤት፣ ማን ቁጭ ብሎ ይሆን?